ሥርዓተ አስማት፦ ጀማሪው የሚማራቸው ቃላት ታሪክና የአማርኛ ስያሜያቸው

መግቢያ

ማንኛውም ሙያ ለጀማሪው የሚከፈተው አስቀድሞ በቃላቱ በኩል ነው። ሽመና የሚማር ወጣት ድርን ከማግ፣ መወርወሪያን ከመቃ ሳይለይ እጁን ወደ ሥራው አይሰድም፤ የቅኔ ተማሪም ጉባኤ ቃናን ሳያልፍ ወደ መወድስ አይደርስም። ስለዚህ የአንድን ልማድ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ጀማሪው በመጀመሪያ የሚማራቸውን ቃላት ቢመረምር ብዙ ሳይደክም ወደ ፍሬ ነገሩ ይደርሳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በምዕራቡ ዓለም «ሴሬሞኒያል ማጂክ» የሚባለውን ልማድ ነው። ዓላማችን ልማዱን ማስተማርም ሆነ ማውገዝ አይደለም። የታሪክ መጻሕፍትን፣ የገጣሚያንን የሕይወት ታሪክና ልብ ወለድን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ከእነዚህ ቃላት ጋር በየጊዜው ይጋጠማሉ። አንዱ «ጥንቈላ» ሲል ሌላው «ምትሃት» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ባዕዱን ቃል እንዳለ ያስቀምጠዋል። የቃላቱ ምርጫ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን፣ ይልቁንም በሰው ስምና ሕይወት ላይ የሚያርፍ ፍርድ መሆኑን በመጨረሻው ክፍል ለማሳየት እንሞክራለን። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አንድ ግንድ፣ ሁለት ቅርንጫፍ

«ማጂክ» የሚለው ቃል የተወለደው በፋርስ ነው። ዳርዮስ 1ኛ በቢሶቱን ቋጥኝ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ በ522 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ዙፋኑን የያዘበትን ጋውማታን «ማጉሽ» ይለዋል። ቃሉ የካህናት ወገን መጠሪያ ነበር። ግሪኮች «ማጎስ» ብለው ወሰዱት፤ የእነዚህንም ሰዎች ግብር «ማጌያ» አሉት። የባዕድ ካህን ሥራ በጎረቤት ዐይን ሲታይ አንድ ጊዜ ጥበብ፣ አንድ ጊዜ ማታለል ይመስላልና ቃሉ ገና በግሪክ ምድር ሳለ ክብርንም ነቀፋንም ተሸከመ።

ይህ መንታነት ወደ እኛም ቋንቋ ተሻግሯል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ኮከብ አይተው ከምሥራቅ የመጡት ሰዎች በግሪኩ «ማጎይ» ናቸው፤ በአማርኛ ግን «ሰብአ ሰገል» ተብለው በአክብሮት ይታወቃሉ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሰማርያው ሲሞን ሥራ በግሪኩ ከዚያው ሥር በወጣ ቃል ተጠርቷል፤ በአማርኛ ግን «ጥንቈላ» ሆነ። ተርጓሚዎቹ አንዱን ሥር ለሁለት የከፈሉት ታሪኩ የሚሰጠውን ፍርድ ተከትለው ነው። ሰብአ ሰገል ሊሰግዱ መጡ፤ ሲሞን ጸጋን በገንዘብ ሊገዛ ፈለገ። ከዚህ የምንማረው ቃሉ ፍርድን አስቀድሞ እንደሚሰጥና ተርጓሚም ከፍርዱ ነጻ ሊሆን እንደማይችል ነው።

አማርኛ በዚህ ዘርፍ የቃል ድኻ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 የተከለከሉት ሰዎች በአማርኛው ሲዘረዘሩ ሟርተኛ፣ ሞራ ገላጭ፣ አስማተኛ፣ መተተኛ፣ ሙታን ሳቢ እየተባሉ እያንዳንዳቸው በየግብራቸው ተለይተዋል። ሞራ ገላጭ የታረደ ከብት ሞራ አይቶ የሚናገር ነው፤ ሙታን ሳቢ የሞተን የሚጠራ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ «ጥንቈላ» መጠቅለል ቋንቋው ያለውን ሀብት እንደ መቅበር ይቆጠራል።

2. ስም፣ አስማትና ሥራይ

«አስማት» በግዕዝ «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቍጥር ነው፤ ፍቺው «ስሞች» ማለት ነው። ቃሉ ለድብቅ ጥበብ መጠሪያ የሆነው የጥበቡ ልብ ስም በመሆኑ ነው። በብራና ክታቦች ላይ የሚደጋገሙት ኅቡኣት ስሞች ናቸው፤ የክታቡ ባለቤትም በስመ ክርስትናው ይጻፋል። ስም ያወቀ ባለስሙን ይደርስበታል የሚለው እምነት የዚህ ሁሉ መሠረት ነው።

በአውሮፓው ልማድም የሆነው ይኸው ነው። «የሰሎሞን ቍልፍ» በሚል ርእስ የሚታወቀው የአስማት መጽሐፍ ሥራው የሚከናወነው በዕብራይስጥ የአምላክ ስሞች መሆኑን ደጋግሞ ያዝዛል። ከእነዚህ አንዱ «አግላ» የተባለው «አንተ ጌታ ሆይ ለዘላለም ኃያል ነህ» የሚል ትርጉም ያላቸው አራት የዕብራይስጥ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው የሠሩት ነው። በመሆኑም «አስማት» የሚለው የአማርኛ ቃል የልማዱን ባሕርይ ከፋርሱ «ማጉሽ» ይልቅ አጥብቆ ይገልጻል ለማለት ይቻላል። የፋርሱ ቃል ማን እንደሚሠራው ይናገራል፤ የእኛው በምን እንደሚሠራ ይናገራል።

«ሥራይ» የተባለው ቃል ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በግዕዝ ሥራይ መድኀኒትንም፣ መርዝንም፣ የአስማት ሥራንም ያመለክታል። «ዐቃቤ ሥራይ» ሐኪም ነው፤ ከዚያው ሥር የወጣው «መሠሪ» ግን በአማርኛ ተንኰለኛ ማለት ሆኗል። «ሥርየት» ደግሞ የኃጢአት ይቅርታ ነው። የሚፈውስ፣ የሚጐዳና ይቅር የሚል ከአንድ ሥር በቀሉ። ግሪኮችም «ፋርማኮን» በሚለው ቃላቸው መድኀኒትንና መርዝን አንድ ላይ ይዘው ኖረዋል።

3. ሰዋስው አስማት ሲባል

በፈረንሳይኛ የአስማት መጽሐፍ «ግሪምዋር» ይባላል። ይህ ቃል «ግራሜር»፣ ማለትም «ሰዋስው» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። በመካከለኛው ዘመን በላቲን የተጻፈ መጽሐፍ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው ስለነበረ ያልተማረው ሕዝብ መጽሐፍ ያዥን ሁሉ በጥርጣሬ ይመለከት ነበር። በስኮትላንድም ከዚያው «ሰዋስው» ከሚለው ቃል «ግላመር» የሚል ወጥቶ በመጀመሪያ ዐይን የሚያታልል ድግምትን፣ ኋላም የሚማርክ ውበትን ገለጸ። ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ቅኔ የተቀኘ፣ መጽሐፍ የገለጠ ደብተራ በሕዝብ ዘንድ አስማት ያውቃል ተብሎ መታማቱ የቆየ ነው። በሁለቱም አገር ሐሜቱን የወለደው በሚያነብና በማያነብ መካከል የነበረው ርቀት ነው።

ልማዱን በመጻሕፍት ካደራጁት አንዱ ጀርመናዊው ኮርኔሊዮስ አግሪፓ (1486–1535) ነው። በ1533 በኮሎኝ ተሟልቶ የታተመው ሥራው ሦስት መጻሕፍት ሲኖሩት የመጀመሪያው የተፈጥሮን፣ ሁለተኛው የሰማይ አካላትንና የቍጥርን፣ ሦስተኛው የሥርዓትን አስማት ይመለከታል። «ሴሬሞኒያል» የሚለው ቅጽል በዚህ ዘርፍ ሥር የሰደደው በዚህ አከፋፈል ነው። ከ300 ዓመት በኋላ ኤሊፋስ ሌዊ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ አልፎንስ ሉዊ ኮንስታን (1810–1875) «ላዕላይ አስማት» ብሎ ከሰየመው ጋር አያይዞ ልማዱን ለዘመናዊ አንባቢ በአዲስ መልክ አቀረበው።

እዚህ ላይ አንድ የስያሜ ጥያቄ ይነሣል። «ሴሬሞኒያል ማጂክ»ን «ሥርዓታዊ አስማት» እንበለውን? «ሥርዓታዊ» የሚለው ቃል ዛሬ በአብዛኛው በዕቅድ የተደራጀን ነገር ለመግለጽ ስለሚውል አንባቢን ያሳስታል። ስለሆነም «ሥርዓተ ቅዳሴ»ና «ሥርዓተ ተክሊል» እንደሚባለው ሁሉ «ሥርዓተ አስማት» ማለትን እንመርጣለን። ይህ አነጋገር ተራ በተራ የሚፈጸም፣ ቃልና እንቅስቃሴ የተወሰነለት ሥርዓት መሆኑን ያለማብራሪያ ያስረዳል።

4. የ1888ቱ ጀማሪ

ጀማሪ በደረጃ፣ በትምህርትና በፈተና እንዲያልፍ ያደረገው ማኅበር በ1888 በለንደን ተመሠረተ። መሥራቾቹ ዊልያም ዊን ዌስትኮት፣ ሳሙኤል ሊድል ማክግሬገር ማዘርስና ዊልያም ሮበርት ውድማን ሲሆኑ ማኅበሩ የወርቃማው ንጋት ማኅበር ይባል ነበር። መነሻ ያደረጋቸው በምስጢር ፊደል የተጻፉ ወረቀቶች ሲሆኑ፣ ፊደሉ በ1518 ከታተመው የትሪቴምዮስ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ከአንዲት ጀርመናዊት ወይዘሮ መጣ ስለተባለው የፈቃድ ደብዳቤም ኤሊክ ሃው በ1972 ባሳተመው ጥናት ሐሰተኛ መሆኑን ተከራክሯል። ማኅበሩ ሴቶችን ከወንዶች እኩል ይቀበል ነበር፤ ተዋናይቷ ፍሎረንስ ፋርና የቲያትር ደጋፊዋ አኒ ሆርኒማን ከታወቁት አባላት መካከል ነበሩ። ገጣሚው ዊልያም በትለር ዬትስ በ1890፣ አሌስተር ክራውሊ በ1898 ገብተዋል።

አዲስ ገቡ ዐይኑ ተሸፍኖ፣ ወገቡ በገመድ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ወደ አዳራሹ ይገባና ምስጢር ለመጠበቅ ይምላል። ከዚያም አዲስ ስም ይይዛል፤ ይህም በላቲን ወይም በሌላ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። ክራውሊ «እስከ መጨረሻ እጸናለሁ» የሚል ትርጉም ያለውን «ፐርዱራቦ»ን መርጧል። ነገሥታት ስመ መንግሥት ይይዙበት ለነበረ፣ ምእመናንም ስመ ክርስትና ለሚይዙበት አገር አንባቢ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፤ አዲስ ስም የአዲስ ሕይወት ማኅተም ነው።

የደረጃው ስም «ኒዮፋይት» ነው። ይህ ግሪክኛ ሲሆን ፍቺው «አዲስ የተተከለ» ማለት ነው። በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 3 የተገኘው ይኸው ቃል በአማርኛ «አዲስ ክርስቲያን» ተብሏል። ለማኅበሩ ደረጃ ግን «አዲስ ገብ» የሚለው የተለመደ ቃል ይበቃል።

አዲስ ገብ ምን ይማር ነበር? አራቱን ባሕርያት፣ 7ቱን የጥንት ፈለኮች፣ 12ቱን መናዝል፣ 22ቱን የዕብራይስጥ ፊደላትና የቃባላን 10 ሰፊሮት ነበር። ትምህርቱን በእጁ እየገለበጠ ያጠናል፤ ተፈትኖ ሲያልፍ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል። ስለ ጀማሪው አስማተኛ የሚወራው ምናብ በእሳትና በጢስ የተሞላ ቢሆንም እውነተኛው የመጀመሪያ ዓመት ከሰንጠረዥና ከፊደል ጋር የሚታገሉበት ነበር። ከተግባር የሚሰጠውም አንድ አጭር ሥርዓት ብቻ ነው፤ በአራቱ ማዕዘናት ዞሮ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ በአየር ላይ እየሣሉ የአምላክን ስሞች መጥራት። እዚህም የመጀመሪያው ትምህርት ስም ሆኖ እናገኘዋለን።

የለንደኑ ጀማሪ የታገላቸው ፊደላት ለዳዊት ደጋሚ አዲስ አይደሉም። መዝሙር 118 በየክፍሉ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ በእነዚሁ 22 ስሞች ተከፋፍሏልና። «ቃባላ»ም ቢሆን «ተቀበለ» ከሚለው ቃላችን ጋር አንድ ሥር አለው፤ ከአባት የተቀበሉት ትምህርት ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ወስዶ ሥሩን በማብራሪያ ማመልከት ይበቃል።

ማኅበሩ በ1900 በውስጥ ጠብ ተከፋፈለ። ክራውሊ በ1907 በመሠረተው ሌላ ማኅበር ጀማሪው አንድ ዓመት ሙሉ የሚሠራውን ልምምድና ውጤቱን በየዕለቱ እንዲመዘግብ ይገደድ ነበር። የወርቃማው ንጋት ሥርዓቶችም በኋላ እስራኤል ሬጋርዲ ከ1937 እስከ 1940 በአራት ቅጽ አሳትሟቸው ለማንም አንባቢ ተገለጡ። ከዚያ ወዲህ ጀማሪ የሚባለው በማኅበር በር የሚገባ ሰው ብቻ መሆኑ ቀርቶ መጽሐፍ ገዝቶ ብቻውን የሚያነብም ሆነ።

5. ስለ አንዲት ፊደል

ክራውሊ በ1929 መታተም በጀመረው ዋና መጽሐፉ «ማጂክ» የሚለውን ቃል በመጨረሻው ላይ «ኬ» ፊደል ጨምሮ ጻፈው። ፊደሏ የእርሱ ፈጠራ አልነበረችም፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የተለመደ አጻጻፍ ነበረች። ዓላማው ግን ልማዱን በመድረክ ላይ ከሚታየው የእጅ ቅልጥፍና ትርኢት መለየት ነበር።

አማርኛ ለዚህ ልዩነት ፊደል መጨመር አያስፈልገውም። የመድረኩ «ምትሃት» ነው፤ በወንጌል ደቀ መዛሙርቱ በባሕር ላይ የሚሄደውን አይተው የተጠራጠሩት ዓይነት፣ ለዐይን ታይቶ እውን ያልሆነ ነገር ማለት ነው። የሥርዓቱ «አስማት» ነው። እንግሊዝኛው በአጻጻፍ ብቻ የሚለየውን፣ ሲነገርም የማይሰማውን ልዩነት አማርኛ በሁለት ቃላት ይሰጠናል። በመሆኑም የክራውሊን መጽሐፍ ርእስ በ«ምትሃት» የሚተረጕም ሰው ደራሲው ሊሸሽ የፈለገውን ትርጉም ያለብሰዋል።

6. በጥንቃቄ የሚያዙ ስሞች

«ታሊስማን» የተባለው ቃል ከግሪክ «ቴሌስማ» ወደ ዐረብኛ «ጢለስም» ሆኖ ወደ አውሮፓ ገባ። የእኛም «ጠልሰም» ከዚያው ዐረብኛ የመጣ ነው። ስለዚህ «ታሊስማን»ን «ጠልሰም» ማለት ትርጉም ከመሆን አልፎ ወንድማማች ቃላትን ማገናኘት ነው። «ክታብ» ግን ሌላ ነው፤ «ከተበ» ከሚለው የመጻፍና የመቧጨር ግስ ስለመጣ የሚታሰረውን ጽሑፍ ይመለከታል። ከዚያው ግስ «ክትባት» ወጥቶ ዛሬ የጤና ጣቢያ ቃል ሆኗል። አንድ ቃል አስማትን አገልግሎ ሕክምናን ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም።

«ኢኖክያን» የሚለው ስም ደግሞ ያሳስታል። እንግሊዛዊው ጆን ዲና ባልደረባው ኤድዋርድ ኬሊ ከ1582 ጀምሮ ከመላእክት ተቀበልነው ያሉት ቋንቋ ኋላ በዚህ ስም ተጠርቷል። መጽሐፈ ሄኖክ ግን ሙሉውን የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ ወደ አውሮፓ የተመለሰው በ1773፣ የሪቻርድ ሎረንስ የእንግሊዝኛ ትርጉም የወጣውም በ1821 ነው። ዲ ከዚያ 160 ዓመት ያህል ቀድሞ ስላረፈ ቋንቋው ከግዕዙ መጽሐፍ ሊቀዳ አይችልም። ስለዚህ «የዲ የመላእክት ቋንቋ» ብሎ መሰየም ከስሕተት ያድናል።

እንዲሁም «ግሪምዋር»ን «ዐውደ ነገሥት» ብሎ መተርጐም አይገባም። ዐውደ ነገሥት በስም ፊደላት ቍጥር ዕጣ ፈንታን የሚመረምር መጽሐፍ እንጂ መናፍስትን የሚጠራ አይደለም። ከእርሱ የሚወሰደው «ዐውድ» የሚለው ቃል ነው፤ አስማተኛው መሬት ላይ ሥሎ በውስጡ ለሚቆምበት ክብ ተስማሚ ስም ይሆናል።

7. ፍቺ ሲፈርድ

ከዚህ በላይ ያየናቸው ቃላት በሰላም ጊዜ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ናቸው፤ በመከራ ጊዜ ግን የክስ ቃል ይሆናሉ። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) «ደስክ»ና «ዲኖ» የተባሉትን አምልከዋል የተባሉ ሰዎች በጽኑ ሲቀጡ ከንጉሡ ከራሳቸው ልጆች መካከል እንኳ ተከሰው የሞቱ ነበሩ። በአሜሪካ ሳሌም በ1692 በዚሁ ክስ 19 ሰዎች ተሰቅለዋል።

በ1735 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው ሕግ በአንድ ቃል ለውጥ የዚህን ታሪክ አቅጣጫ አዞረ። የቀድሞው ሕግ የሚቀጣው አስማት የሚያደርገውን ነበር፤ አዲሱ የሚቀጣው አደርጋለሁ ብሎ የሚያስመስለውን ሆነ። «የሚያደርግ» ቀርቶ «አደርጋለሁ የሚል» ሲተካ ክሱ ከሞት ቅጣት ወደ ማታለል ወንጀል ወረደ። ይህም ሕግ በ1951 ተሽሯል። ሕግ አውጪዎቹ የሠሩት ሥራ በመሠረቱ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ ነው።

እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ፍቺ የሚጠብቁ ቃላት አሉ። «ጠይብ» የመጣው «ጠቢብ» ከሚለው ነው፤ ማጭድና ማረሻ ሠርቶ አገር የሚያበላውን ባለሙያ የሚያመለክት ቃል ወደ ስድብ ወርዷል። ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቤተ እስራኤል «ቡዳ» እየተባሉ ከማዕድና ከጋብቻ ተለይተው ኖረዋል። አንድ መዝገበ ቃላት «ቡዳ»ን «በዐይኑ ሰውን የሚበላ» ብሎ ቢፈታ ሐሜቱን አጽድቆ ማኅተም ያደርግበታል፤ «በዐይኑ ሰውን ይበላል ተብሎ የሚታማ» ቢል ግን የእምነቱን መኖር መዝግቦ ተከሳሹን ከክስ ያወጣዋል። በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ያለው ልዩነት «ተብሎ» የምትል አንዲት ቃል ናት። የሰማርያው ሲሞንና የምሥራቁ ሰብአ ሰገል የተለያዩትም እንዲህ ባለው ምርጫ ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ለ«ሴሬሞኒያል ማጂክ» ሥርዓተ አስማት፣ ለ«ኒዮፋይት» አዲስ ገብ፣ ለ«ግሪምዋር» የአስማት መጽሐፍ፣ ለ«ታሊስማን» ጠልሰም፣ ለተጻፈው መከላከያ ክታብ፣ አስማተኛው ለሚቆምበት ክብ ዐውድ፣ ለመድረኩ ትርኢት ምትሃት የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። «ቃባላ»ና «ሰፊሮት» እንዳሉ ይወሰዱ እንላለን። «ጥንቈላ»ና «መተት» ፍርድ ያዘሉ ቃላት ስለሆኑ ምንጩ ራሱ ሲፈርድ ብቻ ቢገቡ ይመረጣል።

ለመዝገበ ቃላት ሥራ የምናቀርበው ሐሳብ ደግሞ አንድ ነው። ከሥውር ኃይል ጋር የተያያዘ ቃል ሲፈታ አዘጋጁ የሰዎችን እምነት የእምነት ቃል አድርጎ ይጻፈው። አስማተኛው የሚጠራቸው ስሞች ኃይል አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለውን ለሌሎች እንተዋለን፤ መዝገበ ቃላት ለሰው የሚሰጠው ስም ግን ኃይል እንዳለው ታሪክ ይመሰክራል።